ደጊቱ የከፈተችው ጉድጓድ

ደጊቱ ወልደ ሰንበት ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ተወልዳ እዚያው ያገባች ሴት ናት። ዝናቡ በከዳበት ዓመት፣ በ1964፣ ባሏ ሙላው ሰሊጥ አጭጄ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ሁመራ ወረደ። አንዱ ተመላሽ ንዳድ ይዞት ተኝቶ አይቼዋለሁ አላት፤ ሌላው ወደ ሱዳን ተሻግሯል አለ። ሁለቱንም ሳታምን ጠበቀች።

መጠበቅ ግን ልጅ አያበላም። ትንሿን ልጇን ንግስትን አዝላ ግራዝማች አያሌው ቤት ለፈጭነት ገባች። ግራዝማች የአገሩ ባላባትም ዳኛም ነበሩ። ገበሬው ከአዝመራው እየከፈለ የሚያስገባላቸው ገብስ ከጎተራ አልፎ በከብቶቹ በረት ወለል ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጥ ነበር። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድና፣ በጭቃና በእበት የመረገችው ራሷ ደጊቱ ናት።

«ይህን ያየው ዓይንሽ ነው፤ አፍሽ አላየም» አሏት ግራዝማች የዚያን ዕለት።

«እሺ ጌታዬ» አለች። ዝም ካለች እፍኝ ዱቄትና ከወንፊት የተረፈ እንጉሮ አላት፤ ከተናገረች ምንም የላትም።

በሁለተኛውም ዓመት ቡቃያው ሳያፈራ ደረቀ። ሰው ከብቱን፣ ቀጥሎም የቤቱን በር ሳይቀር ሸጠ። አንድ ቀን አክስቷ ትርፌ በዱላ ተደግፈው ከግራዝማች ደጅ ቆሙ። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«ለነፍስዎ ሲሉ፣ አንድ ቁና ብቻ» አሉ።

«ከእኔም ቤት ጎተራው ባዶ ነው እናቴ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ግራዝማች በለሰለሰ ድምፅ። ደጊቱ ከወፍጮው ላይ ቀና ሳትል ሰማች። ትርፌ ብዙም ሳይቆዩ ሞተው ሲቀበሩ ቃሬዛውን የሚሸከም አቅም ያለው ወንድ ጠፍቶ ሴቶች ተሸከሟቸው። ደጊቱም ከተሸካሚዎቹ አንዷ ነበረች። ሰውነታቸው ከባዶ ስልቻ አይከብድም ነበር።

ፈረንጆቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ናቸው፤ አስተርጓሚያቸው ደምሌ የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ከንፋስ መውጫ ከተማ በቅሎ ተከራይተው፣ ካሜራቸውን ጭነው፣ ስለ ስደቱና ስለ ረሃቡ ፊልም ሊያነሱ ነበር የመጡት። ግራዝማች በግ አርደው ተቀበሏቸው። «ሰዉ የሄደው ሥራ ወዶ ነው» አሉ፤ ከምንጩ ዳር ያለውን ለምለም ጓሮም አሳዩ። ደጊቱ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ቆማ ሰማች።

በማግስቱ ግራዝማች ዘበኞቻቸውን አስከትለው ሌላ ደብር ለተዝካር ሄዱ። ደምሌ ወደ ወፍጮ ቤቱ ብቅ አለ።

«እህቴ፣ ባለቤትሽ የት ነው?»

«ሁመራ።»

«ሥራ ወዶ ነው የሄደው?»

ደጊቱ መጁን አስቀመጠች። «ጌታው፣ ያንን የሥዕል መሣሪያ ይዘው ይከተሉኝ» አለችው።

በረቱ ውስጥ እበቱን በጥፍሯ ፋቀች። ደምሌና አንዱ ፈረንጅ ድንጋዩን ሲያነሱት የታፈነው የገብስ ሽታ ወጣ። ካሜራው ፊት ቆመች፤ ንግስት ጀርባዋ ላይ ናት።

«ይህ እህል የእኛው ነው» አለች። «አክስቴ ትርፌም ከፍለውበታል። ከዚህ ደጅ ቁና ለምነው፣ የለም ተብለው ሞቱ። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ደምሌ ለፈረንጆቹ ተረጎመ። «ይህን ማን ያየዋል?» ስትል ጠየቀችው።

«ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች።»

«አይተውስ?»

ፈረንጆቹ ግራዝማች ሳይመለሱ ለመሄድ ቸኩለው ዕቃቸውን መጫን ጀመሩ። ደጊቱ የአንዱን በቅሎ ልጓም ያዘች። «ግራዝማች ከእንግዲህ አያኖሩኝም፤ ልጄን እስከ ንፋስ መውጫ ብቻ ያድርሱልኝ። እኔ በእግሬ እከተላለሁ።»

ደምሌ ተናገረላት። ትልቁ ፈረንጅ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ይዘን አንሄድም፣ ሥራችን ማሳየት ነው ይላል» አላት ደምሌ፣ መሬት መሬት እያየ።

የጉድጓዱ ወሬ ግን መንደሩን አዳርሶ ነበር። መቆም የሚችል ሁሉ ስልቻም ቅልም ይዞ መጣ። ከሰዓት ዘበኞቹ ተመልሰው በጥይት እስኪበትኗቸው ድረስ የቻሉትን ዘገኑ። ያን ዕለት ብዙ ቀን ጭስ ካልታየባቸው ጎጆዎች ጭስ ወጣ። የቀረውን ግራዝማች በአህያ አስጭነው ለነጋዴ ሸጡት።

ደጊቱ ይህን አላየችም፤ ጥቂት ገብስ በነጠላዋ ቋጥራ መንገድ ጀምራ ነበር። ቆልታ ብታቀምሳት ንግስት ቆሎው አልወርድ አላት። ከመንገዱ ላይ ካለው ደብር፣ ቤተ ልሔም፣ ሲደርሱ የልጅቷ ትንፋሽ አጠረ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥላ ሥር አረፈች። የዜማ ተማሪዎች ጉድጓድ ቆፈሩላት፤ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ፍትሐት አደረሱላት። ደጊቱ እስከ ቀብሩ ማብቂያ አላለቀሰችም። ንፋስ መውጫ ስትገባ ግን ባዶ አንቀልባዋን ሴቶች አይተው ቢጠይቋት መንገዱ ላይ ተቀምጣ ጮኸች።

በከተማው ለአንዲት ጠላ ሻጭ ውሃ እየቀዳች ኖረች። በዓመቱ፣ ሰኔ ላይ፣ ደምሌ ጠያይቆ አገኛት።

«ፊልሙ ታየ» አላት። «ብዙ ሰው አለቀሰ። እርዳታም ተላከ ይላሉ።»

«ግራዝማች ግን ዛሬም ይፈርዳሉ» አለች። «ያለቀሱት ሰዎች ጉድጓዱን አላዩትም?»

«ጉድጓዱን ከፊልሙ ቆርጠው አወጡት። ንግግርሽንም። ታሪኩ የድርቅ ነው፣ ይህ ነገሩን ያወሳስበዋል አሉ። አንቺ ዝም ብለሽ ቆመሽ ትታያለሽ።»

እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ አስቀመጠች። ደምሌ ትቆጣኛለች፣ ትሰድበኛለች ብሎ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«ልጄስ ትታያለች?»

«ትታያለች።»

«ምን ታደርጋለች?»

«የነጠላሽን ጫፍ ታኝካለች። አንዴ ወደ ካሜራው ዞራ ታያለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም እህቴ። አጭር ነው።»

«እንደገና ይንገሩኝ» አለችው። ደገመላት። የልጅሽን ፎቶግራፍ አሳጥቤ እልክልሻለሁ ብሎ ሄደ፤ ፎቶግራፉ ግን አልመጣም።

ያን ክረምት ዝናቡ ጣለ። የስማዳ ሰው ለዘር እየተመለሰ በንፋስ መውጫ ሲያልፍ፣ «ነይ አብረን እንግባ» ይሏት ነበር። ደጊቱ ግን የሚያርስላት ሰው አልነበራትም። ከሁመራ የሚመጡትን ስለ ሙላው እየጠየቀች፣ እዚያው ውሃ ስትቀዳ ቀረች።