በእናቴ ፎቶ ላይ ያለው ሉል

የጋለ አምፖል ላይ አቧራ ሲቃጠል በሸተተኝ ቁጥር፣ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ መንገድ ዳር ባለች ፎቶ ቤት የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ መቆሜ ትዝ ይለኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናቴም ለፎቶ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ፎቶ አንሺው ከመሳቢያ ነጭ የፕላስቲክ ሉል አውጥቶ አንገቷ ላይ አሰረና፣ የማተቧን ጥቁር ክር ወደ ቀሚሷ ውስጥ ሸጎጠው።

«እትዬ፣ ክሩ ሉሉን ያበላሽብናል። አሁን እኮ የባለጸጋ ሚስት መሰሉ» አላት።

እናቴ አፍራ ሳቀች። እኔ ማተቧን እንዲያወጣው ልነግረው ፈልጌ፣ እንግዳ ሰው ፊት አፌን መክፈት ስለማልችል ቀሚሷን ይበልጥ ጨበጥሁ።

ክረምቱን በሙሉ ፎቶው ከበሩ ትይዩ ተሰቅሎ፣ ከዝናብ ሊጠለሉ የሚገቡ ጎረቤቶች «ሉሉን ለማን ነው የደበቅሽው?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ግማሾቹ ራሳቸው ያንኑ ሉል አድርገው የተነሡት ፎቶ በየቤታቸው ተሰቅሏል።

በመስከረም፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ መሪጌታው አያቴ ከቋሪት ሊጠይቁን መጡ። ፎቶውን ቆመው ብዙ አዩት።

«ማተብሽን በጠስሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«ኧረ አባ፣ ከሥር አለ። ፎቶ አንሺው ነው የሸፈነው።»

«ሉልስ የእመቤታችን ምሳሌ ነው፣ አልጠላውም። ግን እኔም አንቺም ስናልፍ የሚቀረው ይኸ ነው፤ ከሥር ያለውን ማን ያይልሻል?»

እናቴ ያን ማታ እራት አልበላችም። እኔም ክሩ ሲሸጎጥ በዓይኔ አይቼ ሳለ ለአያቴ መመስከር አቅቶኝ፣ በራሴ ተናድጄ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ፎቶውን አወረድሁና፣ ከመስታወቱ አውጥቼ ከሉሉ በላይ በእስክሪብቶ ጥቁር ክር ሣልሁ። መስመሩ ተጣመመ። አያቴ ሲመለሱ አዩት፤ ወደ መስታወቱ መልሰው በእጃቸው ሰቀሉት።

ዛሬ እናቴ በስልኬ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ አላት፤ ማተቧም በሁሉም ላይ ይታያል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ግን አሁንም ያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን የጥንት የፈረንጅ ወይዛዝርትን ሥዕል እያሳየን፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሉል የሀብትና የንጽሕና ምልክት ነው ሲለን፣ ሉሉ የማን እንደነበር፣ ከሥሩስ ምን እንደተሸፈነ ልጠይቅ እጄን እስከ ትከሻዬ አንሥቼ መልሼ አወረድሁት። በልጅነቴም የረዳኝ እስክሪብቶ ነበር፤ አሁንም ያልተናገርሁትን የምጽፍበት እሱ ብቻ ነው ያለኝ።