ለታደለች ያዋስኩት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ መመሪያ ስጽፍ አንድ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ አነበበና ሳቀ። «መወያየት ይቻላል፤ የሚጻፈው ግን ለየብቻ ነው፤ ወረቀት መስጠትም መቀበልም ክልክል ነው... አስቱ፣ ይሄ የቤት ሥራ ነው ወይስ ሕገ መንግሥት?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንድ ለአምስት እየተባልን በቡድን የምናጠናበት ጊዜ ነበር፤ የቡድናችን መሪ እኔ ነበርኩ። የጂኦግራፊ መምህራችን «ጎበዙ ደካማውን ይጎትት፤ አንዱ ከወደቀ አምስታችሁም ወደቃችሁ» ማለት ይወዱ ነበር። አንድ ቀን ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳሉት የሙዝ እርሻዎች ሄደን፣ ገበሬ ጠይቀን እንድንጽፍ አዘዙን። በቡድን ይሁን በግል አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የበልግ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የሙዝ ቅጠል አንጥፈው አስቀመጡኝ፤ ሙዝ እያበሉኝ የመስኖው ውሃ በተራ እንዴት እንደሚደርሳቸው አጫወቱኝ። እንደዚያ የጣፈጠ ሙዝ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፤ ርቦኝም ሊሆን ይችላል።

ታደለች እናቷ ታመውባት መሄድ አልቻለችም። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን የምንቆም፣ ኩርኩፋ ከአንድ ሳህን የምንበላ ጓደኛዬ ነበረች። ወረቀቴን ሰጠኋት፤ መሪ ነኛ። ገልብጣ ቀድማኝ አስረከበች፤ የእኔን የመለሰችልኝ በመጨረሻው ቀን ነበር።

መምህሩ ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩንና «ማን ነው ከማን የገለበጠው?» አሉ።

እሷ እንድትናገር ጠበቅኩ። መሬት መሬት እያየች፣ «ቲቸር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሷ ከኔ ወስዳ ነው» አለች።

«ኧረ ኩልፎ እንኳን አልሄደችም» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ለራሴ እንኳን የጥፋተኛ ድምፅ መሰለኝ።

«ቀድማ ያስረከበችው እሷ ናት። መሪ ተብለሽ እንዲህ ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ጎትቱ ብለውን...»

«ጎትቱ አልኩ እንጂ ገልብጡ አልኩ?»

ዜሮ ሰጡኝ፤ ሥራው የጂኦግራፊን ግማሽ ውጤት የያዘ ስለነበር በዚያ ዜሮ ትምህርቱን ወድቄ ክፍሉን ደገምኩ። እሁድ ታደለች እንደ ወትሮዋ አጠገቤ ቆማ ዘመረች። ከዜሮው ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

መምህሩን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ በተማሪ በተጨናነቀ ክፍል ፊት መቆም ምን እንደሆነ ዛሬ አውቀዋለሁ። ታደለችን ግን ወደ ሴቻ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ሳገኛት ሰላም ብያት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። አንዳንዴ ሳስበው፣ ያኔ «ለየብቻ ጻፉ» የምትል አንዲት መስመር ተጽፋልን ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን አልሰጣትም፤ እሷም አትዋሽብኝም ነበር። ስትፈራ ምን እንደምታደርግ ሳላውቅ እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ትሆን ነበር።