የነፍሰ ጡሯ ዘይቱን

እኛ ዘይቱን የምንለው ፍሬ ሪያድ ገበያ ውስጥ ሌላ ስም አለው። ሱወይዲ ሰፈር ሳለን ጎረቤታችን የነበረው ሾፌር ይህን አያውቅም ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ ዐረብኛዬ ጥርት ያለ ነው እያለ ይመካል። ስለ መኪና ሲሆን እውነቱን ነው።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ምግብ እምቢ አላት። የቀመሰችውን ሁሉ ትመልሳለች። ሐኪሙ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሆዷ ካልያዘ ሆስፒታል ትተኛለች፣ ለፅንሱም ያሰጋል ብሎ ነበር። አንድ ቀን ፍራሽዋ ላይ እንደተጋደመች በቀስታ፣ "ዘይቱን አማረኝ" አለች። ባሏ ቃሏን ሳትጨርስ ጫማውን አጠለቀ።

ከዲራ ገበያ ሲመለስ ትልቅ ጠርሙስ ታቅፏል። ዐረቦች ዘይቱን የሚሉት የወይራን ፍሬ ነው፤ በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ ይሸጣል። እሷ ጠርሙሱን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ወንድሜ፣ ጥርት ያለው ዐረብኛ ይኸ ነው?" አልኩት።

"እህቴ፣ ዘይቱን አልኩ፣ ዘይቱን ሰጡኝ። ምን አጠፋሁ?"

"አንተማ ምንም። ገበያው ነው ያጠፋው።"

ጃዋፋ በል ብዬ መልሼ ላክሁት። በዚህኛው ትክክለኛውን አገኘ፤ ግን ጥሬ፣ ቢወረወር ሰው የሚፈነክት ነበር። እንዳይበላሽ ብሎ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያው ድንጋይ ነው። እሷ አንዴ ነከሰችውና መልሳ አስቀመጠችው።

እኔ መላዝ ሰፈር አንድ ሳውዲዎች ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የቤቱ ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለ ፍራፍሬ ታጠናለች። የነፍሰ ጡሯን ነገር ስነግራት ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ፍሬ ማለት፣ አለች፣ ለዓይን የማይታዩ ብዙ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። ግድግዳዎቹን አጣብቆ የሚይዝ እንደ ሙጫ ያለ ነገር አለ፤ ማርማላታን የሚያወፍረው እሱ ነው። ፍሬው የሚበስልበት ጊዜ ሲደርስ ኢንዛይም የሚባሉ ነገሮች ከውስጡ ይፈጠራሉ። እነሱ ሙጫውን እየቆራረጡ ግድግዳውን ያላሉታል፤ ለሰለሰ የምንለው ያኔ ነው። ብርድ ሲያገኛቸው ግን ሥራ ይፈታሉ።

"ከፍሪጅ አውጡት፤ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልሉት። ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ይቀሰቅሳቸዋል" አለችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ እንደ አክስቷ ጠራችኝ። "ኻላ፣ ደርሶ እንደሆነ እያላችሁ በጣት አትጫኑት። መጫን ያበላሸዋል እንጂ አያበስለውም።"

አላህ ይስጣት፣ ሙዙንም ከቤታቸው ሰጠችኝ።

"ውስጡ ሠራተኞች አሉ" አልኩት ጎረቤቴን። "አንተ በብርድ አሰርሃቸው።"

"ሠራተኞች? የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ አላቸው?"

"አላቸው። ዋስ የሆናቸው ካፊል ይኸ ሙዝ ነው። ያላ፣ አውጣቸው።"

ሚስቱ ከፍራሹ ላይ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ለእሱ ሙዝ አልኩት እንጂ፣ ያን ቀን የከሰዓቱን የአስር ሰላት ስሰግድ የለመንኩት ከሙዙ በላይ ያለውን ነው።

መጠበቅ ግን አልሆነለትም። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ከረጢቱን ገልጦ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ጠዋት ባየው አንዱ ፍሬ ላይ ጣቱ ጠቁሮ ታትሟል። ከረጢቱን አንስቼ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። እሱም ተከተለ።

"እህቴ፣ ትንሽ ጨው ልበደር?"

"ጠርሙስ ሙሉ የጨው ውኃ አምጥተህ የለ?"

ጨው ሳይወስድ ዓይኑን ወደ ከረጢቱ ልኮ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ክብሪት ጠፋበት።

ሐኪሙ ያለው ሳምንት ሳያልቅ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የፍሬው ሽታ ደጃፍ ላይ ተቀበለኝ። ቆዳው ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ቢላው ሳልጫነው ገባ። ቆራርጬ ይዤላት ሄድኩ።

"ቢስሚላህ" ብላ አንድ ቁራጭ አነሳች። ባሏ ምናልባት ብትመልስ ብሎ ሳፋ ይዞ አጠገቧ ቆመ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ቢላውን ደጋግሜ እጠርጋለሁ። ሁለተኛውን በላች። ሳህኑን ጨረሰችው። ጠበቅን። አልመለሰችም።

"ምን ቆመህ ታየኛለህ?" አለችው። "ተቀመጥ እንጂ፣ ፍርድ ቤት አስመሰልከው።"

ሳፋውን እንዳቀፈ ተቀመጠ። አልሐምዱሊላህ ማለቱን ረስቶ ሳህኗን ያያል፤ እኔ አልኩለት። እሷ ግን ሁለታችንንም ትታ፣ በባዶው ሳህን ላይ የቀረውን ጥቃቅን ዘር በጣቷ ትለቅም ነበር።