ከውሃው በታች ያለችው ጉብታ

ጀልባዋ የግድቡን ሐይቅ ጥልቀት ለክታ በተመለሰች ሰሞን በየዓመቱ አንድ ሽማግሌ ወደ ካርታ ሥራ ቢሮው ይመጣሉ። ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ጠርገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይገባሉ። ጥበቃው "ሐይቁን ሊገዙ የመጡት ሰውዬ ገቡ" ብሎ ይቀልዳል። እሳቸውም "ዋጋው ቀንሶ እንደሆነ ብዬ ነው" ይሉታል።

ካርታ ሠሪዋ ወንበር ብትስብላቸውም አንድም ቀን ተቀምጠው አያውቁም። ኮምፒውተሩ እኩል ጥልቀት ያላቸውን ቦታዎች በመስመር እያያያዘ የሐይቁን ወለል ሲሥል ቆመው ያያሉ። መስመሮቹ በየአምስት ሜትሩ ሲሰመሩ ወለሉ ሜዳ ይመስላል።

"እስቲ አቀራርቢው፣ ልጄ።"

በየሜትሩ አደረገችው። አምና ከድሮው ወንዝ አጠገብ እንደ ቀለበት የከበበች አንዲት መስመር ብቅ ብላ ነበር። ውሃው አገሩን ሳይውጠው እናታቸው የተቀበሩባት ጉብታ ናት። ዘንድሮ የለችም።

"በግማሽ ሜትር ልሞክረው፣ አባባ?"

"ሞክሪው።"

ሞከረች። ሳይጠይቋት በሩብ ሜትርም አደረገችው። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያመጣው ደለል ጉብታዋን ከሜዳው ጋር አስተካክሏታል። እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው ስታስብ ቀደሟት።

"አፈሩ በዛባት፣ አይደል?"

"አዎ፣ አባባ።"

ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ለፈጣሪ ምን ይሳነዋል" አሉ ቀስ ብለው። "አፈሩን ገለባ ያድርግላት።"

"አሜን" አለች ልጅቷ።

ያን ጊዜ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።