ለፈረንሳዊው ነጋዴ የወጣ ስም

ለውጡ የመጣ ሰሞን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው የሆዱን ይናገር ነበር። እኔ ተውኔት ጻፍኩ። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ርእስ አላስቸገረኝም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጨርቅ ሊሸጥ ወደ ሐይቃችን መጥቶ በወባ ሞቶ የቀረ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ። ሰውየውን ከራሴ ፈጠርኩት። ስሙን ግን ከቴሌቪዥን ላይ ከኳስ ጨዋታ ወሰድኩና ኬቪን አልኩት።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አስጎብኚ ናቸው። በወጣትነታቸው ፈረንሳይኛ ተምረው ዕድሜያቸውን ፈረንጅ ሲያዞሩ ኖረዋል። ረቂቁን እንዲያዩልኝ ሰጠኋቸው። ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆመው መለሱልኝ።

«ጽሑፉ ደህና ነው። ሰውየው ግን ገና አልተወለደም» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ኬቪን የሚባል ፈረንሳዊ እኔ ያየሁት በቅርቡ ነው፤ እሱም ቁምጣ ለብሶ። በዚያ ዘመን ዣን ነበር፣ ፒየር ነበር። ደግሞ እነሱ እንደኛ በአባት ስም አይጠሩም፤ የቤተሰብ ስም አላቸው። ድሮ አንዱ አያት ብረት ቀጥቃጭ ከነበረ፣ የልጅ ልጆቹ መዶሻ ሳይነኩ ለፌቭር እየተባሉ ይኖራሉ። ቀጥቃጭ ማለት ነው።»

«ተመልካቹ ይህን አያውቅም እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ።

ነጋዴው ዣን ለፌቭር ተባለ።

ሲጓተት ቆይቶ ከተማሪዎቼ ጋር የጀመርነውን ልምምድ ሳንጨርስ ጦርነቱ ደረሰ። በወልዲያ መንገድ የመጣው ተፈናቃይ መጀመሪያ እኛ ጋ አረፈ፤ ቀጥሎ እኛም ተነሳን። ጎረቤቴ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ስለሆኑ አብረን በአንድ ሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣን። መንገድ ላይ አንድ ኬላ አስወረደን። አንድ ታጣቂ ጎረምሳ ቦርሳዬን በርብሮ ተውኔቱን አወጣ።

«ዣን ለፌቭር ማነው?»

«ነጋዴ ነው» አልኩት።

«የት ነው ያለው?»

«ሞቷል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት።»

መታወቂያዬን ተቀበለኝ። የእኔ ስም የእስላም፣ የአያቴ የክርስቲያን ነው፤ ወሎ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ የለም። ልጁ የሌላ አገር ሰው መሰለኝ።

«ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው ነው?» አለ።

«ሁለቱም።»

«የፈረንጁስ?»

«እሱ የፈጠራ ስም ነው» አልኩ።

ጎረቤቴ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የፈጠራ አይደለም። ትክክለኛ ስም ነው። በዘመኑ ነበር» አሉ።

«ስሙ ትክክለኛ ከሆነማ ሰውየው አለ ማለት ነው፣ አባባ» አለና አለቃውን ጠራ።

አለቃው በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር። ቆሞ ጥቂት ገጽ አነበበ።

«መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ይሞታል።»

«በምን?»

«በወባ።»

ትንሽ አሰበና «እለፉ» አለን። ጽሑፉን ግን አስቀረው።

ሚኒባሱ እንደተነሳ በጎረቤቴ ተናደድኩ። «ጋሼ፣ የውሸት ነው ብንል ምን ነበረበት?»

«አብሽር፣ አልፈናል» አሉኝ። መታወቂያቸውን ግን ገና እንደጨበጡት ነበር። እዚያ ኬላ ላይ ምን ያህል እንደፈሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ንዴቴን ተውኩና ጋቢዬን ደረብኩላቸው።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ የቤታቸው ቆርቆሮ ተነቅሎ ተወስዶ ነበር። ክረምቱን እኔ ጋ ከረሙ። ተውኔቱን በቃል ያስታወስነውን ያህል እያስታወስን እንደ አዲስ ጻፍነው፤ የረሳነውንም ፈጠርነው። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ተጣላን። ሰውየው እንዳይሞት ፈለጉ።

«በዚያ ዘመን ወባ የያዘው ፈረንጅ ይሞታል፤ ታሪኩ እንዲህ ነው» አልኳቸው።

«የሞተውን ሁሉ አይተናል። ይኼ ይዳን» አሉ።

አልተከራከርኩም። አሁን መጋረጃው ሲዘጋ ነጋዴው ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ ይበላል።