ለዶቅዶቄዋ የቀረበ ውኃ

በስማዳ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁለት ዶቅዶቄዎች ነድቻለሁ። አንዱ ፈጣን ነበር፤ ስለ እሱ የማወራው ብዙ የለኝም። ሌላዋ ዛሬም ወገዳ፣ ግቢዬ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። መሥሪያ ቤቱ ያረጁ ዕቃዎችን ሲያስወግድ ተጫርቼ ወሰድኋት፤ ሌላ ተጫራች አልነበረም። ዶሮዎች መቀመጫዋ ላይ እየወጡ እንዳያቆሽሹብኝ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኛታለሁ። ባለቤቴ ይህን ስታይ «ለእኔ እንዲህ ብታስብልኝ የት በደረስሁ» ትላለች። እውነቷን ነው።

እኔ ስረከባት ከእኔ በፊት ሦስት ባለሙያዎችን አገልግላ ነበር። ቀለሟ ቀይ ነበር ይባላል። ጠዋት ጠዋት ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ ካላባበልኋት አትነሣም። ሦስት ጊዜ በከንቱ አስረግጣኝ በአራተኛው «እሺ፣ ይሁንልህ» እንደማለት ብላ ትንተከተካለች። ሜዳ ላይ ደኅና ትሄዳለች። ዳገት ሲመጣ ግን አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ወደ ጸሎት ነው። አንድ ቀን ገብስ የጫነች አህያ የምትነዳ ሴት ቀድማን አለፈችና ዘወር ብላ «በርታ!» አለችኝ። ለእኔ ትበለው ለሞተሯ እስካሁን አላወቅሁም።

በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፤ የሚንቀራፈፍ ነገር ያበሳጨኛል። በእሷ ግን አንድም ቀን ከልቤ ተናድጄ አላውቅም። ቀስ ብላ ስለምትሄድ አገሩን አሳየችኝ። መስከረም ላይ ባቄላው ሲያብብ ሽታውን እየማግሁ አልፋለሁ። የማን ማሳ እንደታረመ፣ የማንን ስንዴ አረም እንደዋጠው፣ ማን ዘንድሮ አውድማውን ቀድሞ እንደለቀለቀ አውቃለሁ። የማን በሬ እንደሚያነክስ ከመንገድ ሆኜ አያለሁ፤ ለከብት ሐኪም ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ስንቱን በሬ ባለቤቱ ሳያውቅበት ቀድሜ አይቼ፣ ወርጄ አክሜአለሁ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሰላምታው ነበር። በእኛ አገር ሰላምታ አንድ ቃል አይደለም። «እንዴት ዋልህ» ተብሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ቤተሰቡ፣ ከዚያ ከብቱ፣ ከዚያ አዝመራው ይጠየቃል፤ በየመካከሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሳይጨርሱ መሄድ ጀርባ መስጠት ነው። አሮጌዋ ዳገት ስትወጣ እርምጃዋ በእግረኛ ልክ ነው። ሰውየው ጎን ለጎን እየሄደ፣ እኔም እየነዳሁ፣ ልጆቹን ጠይቄ፣ ላሙ መውለዷን ሰምቼ፣ በዝናቡ መዘግየት ተስማምተን፣ ዳገቱ ሲያልቅ ሰላምታውም ያልቅ ነበር። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል።

ከወገዳ ወጥቼ ወደ ቀበሌዎቹ በምሄድበት መንገድ አንድ ወንዝ አለ፤ ወንዙን እንደተሻገሩ ረጅም ዳገት ይጀምራል። ዳገቱ ራስ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። በልጅነታቸው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ ሲማሩ አባታቸው ሞቱባቸውና ትምህርቱን ሳይጨርሱ ለእርሻው ተመለሱ። ሞፈር ቢጨብጡም ጆሯቸው የዜማ ተማሪ ጆሮ ሆኖ ቀረ።

የተዋወቅነው ሞተሯ ግላ ደጃቸው ላይ ቀጥ ያለች ቀን ነው። ጭሱን አይተው ወጡ። ምራታቸውን ጠርተው ውኃ በገበቴ አስመጡና ሞተሯ ላይ ሊቸልሱት ሲሉ ጮህሁ።

«ኧረ አባ! እንዲህ ግላ ቀዝቃዛ ውኃ ከነካት ትሰነጠቃለች!»

ገበቴውን እንደያዙ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከፊተኛው ጎማ ሥር አስቀመጡት።

«እንግዲያስ ቀርቦላታል፤ ትጠጣ አትጠጣ የራሷ ጉዳይ ነው። የእንግዳ በቅሎ ውኃ ሳይቀርብላት እንግዳው በእኔ ቤት አይጠጣም» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ለእሷ ውኃ፣ ለእኔ ጠላ ቀረበ፤ እሷ እስክትበርድ ስንጫወት ቆየን። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እዚያው ደጃፍ ቆመናል። ስለ በሬ ያማክሩኛል፤ እኔም ለመሥሪያ ቤት የማልናገረውን ብሶቴን እዚያ እዘረግፋለሁ። ብዙ አይመክሩም። «ይብረድልህ» ይላሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሞተሯ አይለይም ነበር።

ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሲሄድ እኔን የሚለዩኝ በእሷ ድምፅ ሆነ። «ከወንዙ ስትነሣ ግዕዝ ናት፤ መታጠፊያው ላይ ዕዝል ትገባለች፤ እኔ ደጅ ስትደርስ ደክሟት አራራይ ታወርዳለች» ይሉ ነበር። ዶቅዶቄ በቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲመዘን የሰማሁት በእሳቸው አፍ ብቻ ነው። ግዕዙን ከወንዙ እንደሰሙ ምራታቸውን ውኃ ያስቀዳሉ። እኛ ዳገቱን እያቃሰትን ስንደርስ ገበቴው ከቦታው ነው።

በመጨረሻው ዓመት መስከረም ላይ ሰማያዊ ጭስ እየተፋች ደረሰች። «ልጄ፣ ይህች እንኳ ዜማዋ ጠፍቷል። አርጅታለች፤ ጡረታ አውጣትና ሰው አይሳቅብህ» አሉኝ። ተሳሳቅን፤ ጠላዬን ጠጥቼ ሄድሁ። በወሩ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሞተር ሰጠኝ። አጋጣሚ ነው፤ የሁለቱ ነገር አይገናኝም። ይህን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርሁ።

አልዋሽም፤ አዲሱን ወደድሁት። በቁልፍ ይነሣል። ያንን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሽው ብሎ ይወጣዋል፤ ድምፁም ያለ አይመስልም። የክትባቱ በረዶ ሳይሟሟ ቀበሌ ይደርሳል፤ ይህን ጥቅም መካድ ነውር ነው። ሰላምታው ግን ተበላሸ። አንዱን ሰው «እንዴት» ስለው «ዋልህ» የሚለውን የሚሰማው ቀጥሎ ያለው አጥር ነው። ሰዉ እጁን እንዳነሣ አቧራ ይለብሳል። «ልቡ አበጠ» እየተባልሁ ኖሯል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና አልሰማሁም። ዳገቱ ራስ ላይ ስደርስም «በመልሴ እቆማለሁ» እላለሁ፤ በመልሴ ደግሞ «በሳምንቱ» እላለሁ። ሞተሩ አይግል፣ አይቆም፤ መቆሚያ ሰበብ አሳጣኝ። እንዲህ እንዲህ ስል ሰባት ወር አለፈ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች በእግራቸው ወገዳ ቤቴ ድረስ መጡ፤ አንዱ ቄስ ናቸው። መቀመጫ ብናቀርብ «ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እንዲህ የሚቆም ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ ለጋብቻ የተላከ ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት እኛ ዘንድ ነበረች። ባለቤቴ ፊቷ በርቶ ነጠላዋን ልትቀይር ወደ ጓዳ ገባች። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር ብዬ ጠበቅሁ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣነው ለእርቅ ነው» አሉ።

«ከማን ጋር?»

«ከዳገቱ ሽማግሌ ጋር። አፌ አመለጠኝ፣ ሞተሩን አረጀች ብዬ ነቀፍሁበት፣ ይኸው ተቀይሞኝ ቀረ ብለው ላኩን። ጎረቤቶቻቸው በሳምንት ሁለት ቀን በደጃቸው ስታልፍ እንደሚያዩህ ይነግሯቸዋል። ካሳ ካልህ ካሳ፣ ድንጋይ ተሸከሙ ካልህም ተሸክመው ይመጣሉ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሰው ተቀያይሜ ሥጋ ወደሙ አልቀበልም ብለው ትንሣኤን ሳይቆርቡ አሳለፉ። ዕድሜያቸውን ታውቃለህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «ኧረ ይቀመጡ፣ አባቶቼ! የተጣላ ሰው የለም» አልሁ።

«ካልተጣላህ ስለምን አልፈሃቸው ትሄዳለህ?»

«ሞተሩ ፈጥኖብኝ ነው፣ አባ።»

ቄሱ ትክ ብለው አዩኝ። «ሞተሩን የሚነዳው ማን ነው?»

ባለቤቴ አዲሱን ነጠላ ለብሳ ከጓዳ ብቅ ያለችው በዚህ መካከል ነው። ነገሩ ሲገባት ካቀረብነው መቀመጫ ባንዱ ላይ ተቀመጠችና «አንተ ሰውዬ!» ብቻ አለችኝ።

ለመጪው ቅዳሜ፣ ከሽማግሌው ቤት ልንገናኝ ተቀጣጠርን። በአዲሱ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቅ የሚከለክለኝ አልነበረም፤ ልቤ ግን እንቢ አለ። ያለያየን እሱ ሆኖ ሳለ እሱን ይዤ ልታረቅ? አሮጌዋን ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ሥር ጎትቼ አወጣኋት። እሳት የምትጭርበት ካንዴላዋ ሞቷል። መካነ ኢየሱስ ከተማ ለሚገኝ አንድ መካኒክ ስደውልለት «እስካሁን አለች? ቅርስ ብላችሁ አላስመዘገባችኋትም?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ካንዴላውን ግን በአይሱዙ ሹፌር እጅ ላከልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ ካርቡራተሯን ስፈታና ሳጥብ ሰነበትሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። እሳቸው ቅዳሜ ሳይደርስ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ሳይቆርቡ የቀሩት በእኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በአራተኛው ተነሣችልኝ። ወንዙ ጋ ስደርስ ወርጄ ድንጋይ መረጥሁ፤ በደንባችን በዳይ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ነው። ትልቁን ትቼ መካከለኛውን ወሰድሁ፤ ዳገቱ ነበረብን። ከኋላ፣ ከክትባት ሳጥኑ ቦታ ላይ አሰርሁትና ተነሣን።

ጭሱን እየተፋች፣ እየተንተከተከች ወጣች። መንገድ ላይ እንስራ ያዘለች ሴት ከጎኔ እኩል እየሄደች «የት ጠፍተህ ከረምህ?» አለችኝ። ልጆቿን ጠየቅሁ፤ ላሟን ጠየቅሁ፤ ባሏ ዘር ገዝቶ እንደሆነ ጠየቅሁ። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ሰላምታ ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ስንደርስ ሽማግሌው የበሩን መቃን ተደግፈው ቆመዋል። ከስተዋል። ፊታቸው የዞረው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ድምፁ ነበር። ቄሱ ከአጠገባቸው መስቀላቸውን ይዘው ለማስታረቅ ተዘጋጅተዋል። ገበቴው መሬት ላይ ነበር፤ የፊተኛው ጎማ ከሚቆምበት ቦታ፣ እስከ አፉ ሞልቶ።

ድንጋዩን ፈትቼ አንገቴ ላይ አደረግሁና ከእግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«ይማሩኝ፣ አባ።»

እጃቸው ራሴን ሲፈልግ ድንጋዩን አገኘ። ዳሰሱት። «ጣለው፤ አንገትህን ያምሃል» አሉ። ቄሱ እንደ ደንቡ ቃላችንን ሊቀበሉ ሲጀምሩ ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«አይድከሙ፣ አባ። እኔ የታረቅሁት ገና ከወንዙ ግዕዟን ስታነሣ ነው።»

እዚያው አደርሁ። በማግሥቱ እሑድ ቆረቡ። ጠዋት ከኋላዬ አፈናጥጬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግድም ያደረስኋቸው እኔ ነኝ፤ በአንደኛ ማርሽ፣ መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው ሁሉ ሰላምታውን እየጨረስን።