ወረቀት ላይ የቀረ ሃምሳ ፈረስ

ጋራዡ ውስጥ «ቀስ በል» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ቁልፍ የጨበጠ ሰው ባየ ቁጥር ከአፉ የሚወጣው ሌላ ቃል የለም። ሞተር ይበትናል፣ ሞተር ይገጥማል፤ ፍሬን አይነካም፣ ቀለም አይቀባም። ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ክዳን፣ የሚያስሩትን ብሎኖች ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እያፈራረቀ ያጠብቃል፤ አንዴ በእጁ፣ አንዴ በግማሽ ጉልበት፣ መጨረሻ በመለኪያ ቁልፍ። የፈታቸውን ዕቃዎች በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። አንድ ቀን ጎረቤቱ ቶርነኛ፣ ብረት እየላጠ የሚኖረው ሰው፣ አንዱን ፒስተን አንስቶ የሌላው ቦታ ላይ ቢያስቀምጥበት፣ «ሰውዬ፣ የሰው ባል የሰው አልጋ ላይ አታስተኛ!» ብሎት ጋራዡ ሲስቅ ዋለ።

ኑሮው ይኸው ነበር። የሚያበሳጨው ነገር አንድ ነው፤ የመኪና መጽሔት። «መጽሔት አንብቦ የመጣ ደንበኛ፣ መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ ሐኪም ቤት እንደሚመጣ በሽተኛ ነው» ይላል። ባለመኪናው ገጹን አጥፎ ይዞ ይመጣል። ፎቶው ላይ መስተዋት የመሰለ ሞተር አለ፤ ከሥሩ በደማቁ «ያለ ምንም የማሽን ሥራ እንዳለ የሚገባ» ተብሎ ተጽፏል። ቀስ በል እንዳለ የሚገባ ዕቃ በሕይወቱ አላጋጠመውም። አንዱ ሲገባ ሌላውን ይነካል፤ ቫልቩ ወርዶ ከፒስተኑ ጋር ይሳሳማል፣ ቫልቩን የሚመልሰው ሞላ ታምቆ መላወሻ ያጣል። ይህን ሲያስረዳ ደንበኛው መልሶ ገጹን ያሳየዋል። ከዚያ ወይ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ወይ ጋራዥ ይቀይራል። እሱም «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

መጽሔቱን ይዞ የመጣው የእናቱ ልጅ ሲሆን ግን እንዲያ ብሎ መሸኘት አልሆነለትም።

ታናሽ ወንድሙ ታክሲ ነጂ ነው። መኪናዋ የአባታቸው ነበረች፤ አሁን የእናታቸው ቤት የሚቆመው በእሷ ነው። ታናሽየው ይነዳል፣ ታላቅየው ይጠግናል። ሞተሯን ደጋግሞ አድሷታል፤ በመጨረሻው እድሳት ሲሊንደሮቿ ሰፍተው ሰፍተው ከእንግዲህ የሚላጥ ግድግዳ አልቀራቸውም። ሌላ ብሎክ፣ ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል፣ እንዳይፈለግ፣ የዚያን ዓይነት መኪና ዕቃ የሚሸጥ ቀርቶ የሚነዳም ሰው ጠፍቷል። «አሮጊት ናት» ይለዋል ወንድሙን። «ካላሯሯጥካት ሁላችንንም ትቀብረናለች።»

ታክሲዋ የምትሠራው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተነስታ ዳገቱ ጫፍ ላይ ወዳለው ሆስፒታል ነው። በሽተኛና ጠያቂ ስለማይጠፋ ከዚያ የተሻለ መስመር የለም። የታክሲዎቹ ማኅበር አዲስ ደንብ አወጣ፤ ሰው ሞልታ ዳገቱን መሐል ላይ ሳትቆም የማትወጣ መኪና ከመስመሩ ትወጣለች፣ ለዚህም ፈተና ይኖራል። የአባታቸው መኪና ዳገቱን ትወጣዋለች። ቀስ ብላ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ግን ቆማ አታውቅም። አዳዲሶቹ ጥሩምባ እየነፉ ያልፏታል። ተራ አስከባሪው ደግሞ ከሩቅ ሲያያት፣ «ሮኬት መጣች! ሕፃናት ከመንገድ ገለል በሉ!» እያለ ሰልፈኛውን ያስቃል። ከዚያ ወዲህ ታናሽየውን «ሮኬት» ብለው ይጠሩት ጀመር።

«አየኸው ጋሼ?» አለ ሮኬት፣ ገጹን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ። «ሃምሳ የፈረስ ጉልበት ይጨምራል።»

«የሷ ጠቅላላ ሰባ አይሞላም። ሃምሳው ከየት ይመጣል?»

«ከካሙ፣ ከካርቡራተሩ፣ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ። ቴስታታው ደግሞ ይላጣል። ተጽፏል እኮ!»

ካም ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው። ቀስ በል እጁን ጠረገና ጽሑፉን አነበበ። «ቢመጣ እንኳ የሚመጣው ሞተሯ ስትጮህ ነው፤ ስድስት ሺህ ዙር ላይ። አንተ ዳገቱን የምትወጣው ሁለት ሺህ ላይ ነህ። እዚያ ያለህን ጭራሽ ይወስድብሃል።»

«ጨምሮ እንዴት ነው የሚወስድብኝ?»

«እንዲህ ያለ ካም ከታች ወስዶ ከላይ ይሰጣል።»

«ይኸው፣ ይሰጣል አልክ!»

ቀስ በል መጽሔቱ ላይ ያለውን ስልክ ደወለ። ያነሳው ጽሑፉን የጻፈው ሰው ነበር፤ ጨዋ ነው፣ ድምፁም ለጋ።

«ሃምሳዋ ፈረስ መኪናው ላይ ነው የተለካችው?» ብሎ ጠየቀው።

«አይ፣ ሞተሩ ተፈትቶ ለብቻው። መለኪያ ማሽን ላይ።»

«ዲናሞው? ቬንትሌተሩ? የውሃ ፓምፑ?»

«እነሱ ጉልበት ስለሚበሉ ይፈታሉ።»

«የአየር ማጣሪያውስ?»

«እሱም።»

«መጀመሪያ፣ ካሙ ሳይቀየር ሲለካስ? ያኔም ተፈትተው ነበር?»

«ያኔ እንደ ፋብሪካው ነው የተለካው። ሁሉም እንዳለበት።»

«ቤንዚኑስ?»

«የውድድር ቤንዚን ነው።»

«ለመሆኑ የለካው ማነው?»

«ካሙን የሚሸጠው ድርጅት ነው። እኛ ውጤቱን ነው የላኩልን። የጀርባው ሽፋን ማስታወቂያም የእነሱ ነው፣ እ... ያው ታውቀዋለህ።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፋችሁትም?»

«ቦታ አልበቃንም፣ ወንድሜ» አለው፣ ከልቡ እያዘነ።

ቀስ በል አንድም ሳያስቀር ለታናሹ ነገረው። ሮኬት አዳምጦ ሳቀ። «በስልክ የተወራና የተጻፈ እኩል ነው? ስልክ ማንም ያነሳል! ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? አንተ የፈራኸው መኪናዋን አይደለም። እንዳልቀድምህ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ።»

«እሺ፣ ተወው። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ጋራዥ ይሠራልኛል። ግድግዳው ሙሉ የመጽሔት ሽፋን ነው፤ እንዳንተ አይጨቃጨቁም።»

ያ ጋራዥ ብሎን በመለኪያ አያጠብቅም። ቀስ በል ያንን ብሎክ በእነሱ እጅ ሲያስበው የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። ማምሻውን እናቱ ዘንድ ሄደ። እናትየው ያበጠ ጉልበቷን ዱካ ላይ ሰቅላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

«ወንድምህ ሰው ፊት እያፈረ ነው» አለችው። «ሮኬት ይሉታል አሉ። የአባቱን መኪና ይዞ!»

«እማ፣ መኪናዋ እኮ ትወጣለች።»

«አንተ ሁልጊዜ ቀስ በል ነህ። ቀስ ብሎ የደረሰ ማን አለ? ሥራለት፣ ልጄ። ከሰው እጅ ያንተ እጅ ይሻለዋል።»

ሰው ሲሞኝ የሚሞኘው በሚወደው አፍ ነው። ሥራውን ያዘ።

ካሙ አዲስ ሆኖ የሚመጣ አይደለም። ሻጮቹ ያንተኑ አሮጌ ካም ይወስዱና እብጠቶቹን በአዲስ ቅርጽ ሞርደው ይመልሱታል። ቀስ በል ከመላኩ በፊት ሌላ አሮጌ ካም ፈልጎ ለመጠባበቂያ ሊያስቀምጥ ያልገባበት የብረት መጋዘን የለም፤ አጣ። ስለዚህ ካሙን ሲያሽግ፣ የፋብሪካውን ቅርጽ ዳግመኛ እንደማያየው ያውቅ ነበር። ቴስታታውን ራሱ ቶርነኛው ጋ ወሰደ። መጽሔቱ ሁለት ሚሊሜትር ይላጥ ይላል። ያን ያህል ከተላጠ እንዲህ ባለ ተራ ቤንዚን ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ያን ዓይነት ማንኳኳት ደግሞ ፒስተን ይሰብራል።

«ስንት ላውርድ?» አለ ቶርነኛው።

«አንድ።»

«አንድ? ልጁ ሁለት አለ እኮ።»

«ብረት እንደ ጸጉር አይደለም፣ ተላጭቶ አይበቅልም። አንድ ካልኩህ አንድ!»

በፒስተኑ አናት ላይ የሕፃናት መጫወቻ ጭቃ ለጥፎ ሞተሩን በእጁ አዟዟረና ቫልቩ ጭቃው ላይ የተወውን ጉድጓድ ለካ። ሞላዎቹን ቀየረ። እንደ ልማዱ በሦስት ዙር አጠበቀ። ከዚያ የተሻለ ሊሠራው የሚችል ሰው አልነበረም፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ነው ቁልፉን ሲያዞር ፊቱ ያልተፈታው።

ሞተሩ ሲነሳ ጋራዡ ተንቀጠቀጠ። ሮኬት እንደ ሕፃን ዘለለ። በሜዳ፣ ያለ ሰው፣ መኪናዋ በእርግጥ ትበር ነበር።

የፈተናው ቀን ሰው ሞሉባት። ዳገቱ ሥር ተነሳች፣ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ አቃሰተች፤ ሮኬት ማርሽ ቀነሰ፣ ነዳጁን ረገጠ፣ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። አዳዲሶቹ ጥሩምባቸውን አቀለጡት። ተራ አስከባሪው ግን ያን ቀን አልቀለደም። «ወንድሜ፣ በፊት እኮ ትወጣ ነበር» አለው። ከቀልዱ ሁሉ የባሰበት ያ ነው።

አንድ ዕድል ጨመሩለት። እሱም በቀጥታ ወደ ጋራዡ መጣ።

«ስንት ላጥከው?»

ቀስ በል መዋሸት አይሆንለትም። «አንድ።»

«ሁለት ይላል! ሁለት! እኔን አዋርደህ መጽሔቱን ውሸታም ልታደርገው!»

ክፋቱ፣ በዚህች በአንዷ ነገር ልጁ እውነት ነበረው። ቴስታታ በተላጠ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየርና ቤንዚን ይበልጥ ይታመቃል፣ ያ ካም ደግሞ ያለ በቂ እመቃ ከታች ምንም ጉልበት የለውም፤ አንድ ሚሊሜትር ብቻ መላጡ ዳገቱን አብሶበታል። ሁለት ቢላጥ ደግሞ ቤንዚኑ አይችለውም። በየትም ብትሄድ መውጫ የሌለው ነገር ነበር፤ መውጫው አሮጌው ካም ነበር፣ እሱ ደግሞ ተሞርዷል። ቀስ በል ይህን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ታናሽየው መኪናዋን አስነስቶ ወጣ።

ዋናው መንገድ ላይ ያለው ጋራዥ የቀረውን ላጠለት። በሁለተኛው ፈተና መኪናዋ ዳገቱን ወጣች። ሮኬት የማኅበሩን ሰዎች የማለፊያ ወረቀት አስፈርሞ፣ ጥሩምባ እያጮኸ በወንድሙ ጋራዥ ፊት አለፈ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣና መስኮቱን አወረደ።

«እህሳ፣ ጋሼ?»

ቀስ በል የሰማው ሌላ ነገር ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ከውስጥ፣ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ዓይነት ድምፅ ይመጣል። «ታንኳኳለች» አለ። «ቤንዚኑ አልቻላትም። ወርደህ ስማት። ቢያንስ ዳገቱን አትርገጥባት፣ ቀስ በል...»

«አሁንም ቀስ በል?» ሳቀና ሄደ።

ዳገቱን ሳይረግጡ መውጣት አይቻልም። መስመሩ ደግሞ ዳገቱ ነው።

ሲጎትቷት ያመጧት ወደ ዋናው መንገድ ሳይሆን ወደ ቀስ በል ነበር። ከሆስፒታሉ በር በታች ነው የቆመችው፤ ዘይቱ ከአስፋልቱ ጀምሮ መንገድ እየሠራ መጥቷል። ሲበትናት ታናሽየው አጠገቡ ቆሞ ነበር። አንዱ ፒስተን ተሰባብሯል፤ ይዞት የነበረው ዘንግ ልቅ ሆኖ ሲወራጭ የብሎኩን ጎን ቀዶ ወጥቷል። ቀዳዳው እጅ ያስገባል። ቶርነኛው መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደም፤ የቀስ በልን ትከሻ ነካ አድርጎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሮኬት ተንበርክኮ ስብርባሪውን ፈተሸ። ከዚያ አንዱን የፋሻ ስባሪ፣ ፒስተኑን የሚከበውን ቀለበት፣ ከዘይቱ ውስጥ አነሳ።

«ፋሻው ነው» አለ። «ደካማ ፋሻ ነው የገጠምክላት። መጽሔቱ የውድድር ፋሻ ይላል።»

ቀስ በል ቀና ብሎ አየው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ፋሻው ምንም እንዳልሆነ ማሳየት ይችል ነበር፤ ስብራቱ ከአናት መጀመሩን፣ አናቱ ላይ ያለውን የማንኳኳት ጠባሳ፣ ሁሉንም በጣቱ ሊያሳየው ይችል ነበር። ከዚያ በኋላስ?

«ሊሆን ይችላል» አለው።

«አልኩህ እኮ!» አለ ሮኬት፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

አሁን ሮኬት የሰው መኪና ተቀጥሮ ይነዳል፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይጠራዋል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ ሞተር አያነሱም፤ ሞተር ካልተነሳ ደግሞ የሚያወሩት ነገር ብዙ አይደለም። ወደ ቀስ በል ጋራዥ አሁንም ገጽ አጥፈው የሚመጡ አሉ። እንደ ድሮው አይከራከራቸውም። ያዳምጣቸዋል፣ እንደማይሠራ ይነግራቸዋል፣ ይሄዳሉ።

ያኔ የመኪናዋን ነገር ለእናትየው የነገራት ቀስ በል ነው። ታናሽየው አልቻለም። መስኮቱ ሥር፣ ዱካው አጠገብ ተቀመጠ።

«እና መቼ ትወጣለች?» አለችው። መኪናዋን ማለቷ ነው።

«አትወጣም፣ እማ። ብሎኩ ተቀዷል። አይሠራም።»

«ሌላስ የለም?»

«የለም።»

እናትየው እጁን ያዘችው። ዘይቱ ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። እያገላበጠች አየችውና ግራ እንደተጋባ ሰው፣ ሳትቆጣ፣ ጠየቀችው፤

«ሁለታችሁም እያላችሁ?»

«አዎ እማ» አላት። «ሁለታችንም እያለን።»